እግሩን ውሃ ውስጥ ያልነከረ ድልድይ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ቻይና ውስጥ መናፈሻ መሐል የሚገኝ አንድ የድንጋይ ድልድይ በቪዲዮ አይቼ፣ 1400 ዓመት ቆይቷል ሲሉ ማመን አቃተኝ። ሲሚንቶ የለው፣ ፌሮ የለው! እኛ ሰፈር የተሠራችው የጎርፍ መሻገሪያ ግን ሦስተኛ ክረምቷን ሳትጨርስ ተገመሰች። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የድሮ ድልድይ በእንቁላል ነው የሚገነባው ይሉን ነበር። ለመሆኑ ሚስጥሩ ምንድን ነው? እኛስ እዚሁ ከተማችን መናፈሻ ውስጥ እንዲህ ያለ ትንሽዬ ብንሠራ ይቆማል?»

ምላሽ፦

ቪዲዮው አልዋሸዎትም። ለትምህርት ቻይና በነበርኩ ጊዜ አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄጄ ላዩ ላይ ተራምጃለሁ፤ ታቹ ወርጄም አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አይቼዋለሁ። ዣኦዦ ይባላል። ሌላው ስሙ አንጂ ነው፣ «በደኅና መሻገር» እንደማለት። የሚገኘው በሄቤይ ክፍለ ሀገር፣ ሺያኦ በሚባል ወንዝ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ ዙሪያው መናፈሻ ሆኖ ሰው ትኬት ቆርጦ ይጎበኘዋል። መኪና አይሄድበትም። የተሠራው በስዊ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ595 እስከ 605 ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ያኔ አክሱም ገና የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ ነበር። የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሊሰደዱ ዐሥር ዓመት ያህል ይቀራቸው ነበር።

እኔን ከዕድሜው ይልቅ የገረመኝ የሠሪው ስም መታወቁ ነው። ሊ ቹን ይባላል። ድልድዩ ከቆመ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ዣንግ ጂያዠን የተባለ የታንግ ዘመን ሹም ይህ የሊ ቹን ሥራ መሆኑን፣ አሠራሩ ከሌላው የተለየ መሆኑንና እንዴት እንደሠራው የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን ጽፏል። በእኛ አገር በድንጋይ ሥራ ላይ የንጉሡ ስም እንጂ የግንበኛው ስም ሲቀር እምብዛም አላየሁም። «የሚያውቅ የለም» የተባለው ግን ዛሬ አይሠራም። ሊያንግ ሲቸንግ የሚባለው የሥነ ሕንፃ ሊቅ በ1933 ሄዶ ለክቶታል፣ ስሎታል፤ ከዚያ ወዲህ ምርመራው አልተቋረጠም።

አሁን እርስዎ ራስዎን በሊ ቹን ቦታ ያስቀምጡ። ወንዙ ሰፊ ነው። አገሩ ሜዳ፣ አፈሩ ሸክላ፤ ሊመሠርቱበት የሚችሉት አለት በአቅራቢያ የለም። ክረምት ሲመጣ ውሃው ሞልቶ ያገኘውን እየጠራረገ ይወርዳል። ከላይ የእህል ጋሪ ማለፍ አለበት፣ ከታች ጀልባ። ምን ያደርጋሉ?

አንደኛው መንገድ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፦ ወንዙ መሐል ሁለት ሦስት ምሰሶ ተክሎ ትንንሽ ቅስቶችን መደርደር። ቀላል ነው፣ ጣጣው ግን ኋላ ይመጣል። ምሰሶ የውሃውን መንገድ ያጠባል፤ ውሃ ደግሞ ቦታ ሲጠበው ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ይቆፍራል። የሚቆፍረውም እዚያው ምሰሶው እግር ሥር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወንዙን በአንድ ግማሽ ክብ መዝለል ነው። የወንዙ ስፋት 37 ሜትር ገደማ ከሆነ የግማሽ ክብ ቁመቱ የዚያ እኩሌታ፣ 18 ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ነው! የትኛው የፈረስ ጋሪ ነው ስድስት ፎቅ ወጥቶ የሚወርደው?

ሊ ቹን ሁለቱንም ተወ። ከትልቅ ክብ ላይ ቁራጭ ወሰደ። ቅስቱ ከዳር እስከ ዳር 37 ሜትር ገደማ ሲሆን መሐሉ ላይ የሚነሣው 7.23 ሜትር ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተነሥተው ቢያሰሉ ክቡ 27 ሜትር ያህል ሬዲየስ ያለው፣ ድልድዩም የዚያ ክብ ሩብ ገደማ ሆኖ ያገኙታል። ጋሪ ብዙ ሳይቸገር ያልፋል፤ ወንዙ ውስጥም አንድም እግር አልቆመም። ለእኔ የድልድዩ ትልቁ ሐሳብ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ይህ ውሳኔ የወለደው ነው።

ምክንያቱም ዝርግ ቅስት ዕዳ አለው። ዕዳውን ለማየት አንድ ጓደኛዎን ይጥሩና ሊሾ ወለል ላይ በካልሲ ቁሙ። መዳፍ ለመዳፍ ገጥማችሁ ተደጋገፉ። እግራችሁ ተቀራርቦ ሳለ ምንም አይሰማችሁም። እግራችሁን አንድ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ስትወስዱ ግን ተረከዛችሁ መንሸራተት ይጀምራል። ድንጋይም እንደዚያው ነው። ቅስቱ በተዘረጋ ቁጥር ዳርና ዳር ያለውን ግንብ ወደ ውጭ ይገፋል። የመሐሉ ከፍታ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ሊ ቹን ያን ግፊት የሚቀበልለት አለት አልነበረውም፣ ያለው የወንዙ ዳር ጠንካራ ሸክላ ብቻ ነበር። ስለዚህ አማራጩ ክብደት መቀነስ ሆነ።

ቪዲዮው ላይ በትልቁ ቅስት ትከሻ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አይተው ከሆነ ለጌጥ የተሠሩ ይመስላሉ፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። በተለመደው አሠራር ከቅስቱ ጀርባ እስከ መንገዱ ድረስ ያለው ቦታ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። ሊ ቹን ግን ያን ሙሌት አውጥቶ በምትኩ አራት ትንንሽ ቅስቶችን አስገባ፤ ትልልቆቹ 3.8 ሜትር ያህል፣ ትንንሾቹ 2.8 ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። በዚህ በመቶ ቶኖች የሚቆጠር ሸክም ከሸክላው ላይ ተነሣ። ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ይታያል። ውሃው ከፍ ብሎ ትከሻው ላይ ሲደርስ በግድግዳ ፈንታ በር ያገኛል፤ ድልድዩን መግፋቱን ትቶ በውስጡ ያልፋል። በአውሮፓ ይህ አሠራር በስፋት የተለመደው እጅግ ዘግይቶ ነው። ፖል ሴዡርኔ የተባለው ፈረንሳዊ ሉክሰምበርግ ከተማ ላይ ከ1900 እስከ 1903 የሠራው የአዶልፍ ድልድይ ትከሻው የተከፈተ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ቅስቱ ከዳር እስከ ዳር 85 ሜትር ገደማ። መሐንዲሶች ዣኦዦን ሲያዩ የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

ወደ ታች ወርደው ሆዱን ሲያዩት ሌላ ነገር ያገኛሉ። ቅስቱ አንድ ወጥ አይደለም። ወርዱ 9 ሜትር ገደማ የሆነው ድልድይ እንደ ቁርጥ ዳቦ ጎን ለጎን የተደረደሩ 28 ቀጫጭን ቅስቶች ድምር ነው። እያንዳንዱ ቅስት 43 ድንጋይ አለው፤ አንዱ ድንጋይ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ሲባዛ 1204 ድንጋይ። ግንበኛ ቢያነጋግሩ ይህ ለምን እንደሚመረጥ ወዲያው ይነግርዎታል፦ ካሳፎርማ ለመቆጠብ ነው። ቅስት ሲገነባ የመጨረሻው ድንጋይ እስኪገባ በራሱ አይቆምም፣ ከሥሩ የእንጨት ማቀፊያ ይፈልጋል። የ9 ሜትር ወርድ ማቀፊያ ከመሥራት ለአንድ ረድፍ የሚሆን ሠርቶ፣ አንዱ ሲያልቅ ወደ ጎን እያንሸራተቱ መሄድ ይቻላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዱ ረድፍ ቢሰበር ሌላውን ይዞ አይወርድም፣ እሱን ብቻ አውጥቶ መተካት ይቻላል። በረጅም ዕድሜው የዳር ረድፎች በተለያየ ጊዜ ወድቀው ተተክተዋል፣ መሐሉ ግን ቆሟል። በ1950ዎቹም ትልቅ ጥገና ተደርጎለታል። ስለዚህ «1400 ዓመት ሳይነካ የቆመ» ካሉ ቪዲዮው ትንሽ አጋኗል።

የዚህ አሠራር ድክመት ረድፎቹ ወደ ውጭ የመለያየት ጠባይ ያላቸው መሆኑ ነው። ሊ ቹን ይህን በሁለት መንገድ ታገለው። ድልድዩን ጫፎቹ ላይ ሰፋ፣ መሐሉ ላይ ጠበብ አድርጎ ሠራው፤ የዳር ረድፎች ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ደግሞም ጎን ለጎን ያሉትን ድንጋዮች ወገቡ ቀጭን፣ ሁለት ጫፉ ሰፊ በሆነ ብረት ቆልፏቸዋል፤ ረድፎቹንም ከዳር እስከ ዳር በሚያልፉ የብረት ዘንጎች አሰራቸው። እንግዲህ ፌሮ የለውም ያሉት በእኛ ትርጉም ልክ ነው፤ ብረት ግን አለው።

የአገሬው ሰው ይህን ሁሉ ሒሳብ ትቶ የራሱን ታሪክ ይነግርዎታል። ሠሪው ሉ ባን የሚባለው የጥንት አናጢ ነው፣ የጨረሰውም በአንድ ሌሊት ነው ይላሉ። ዣንግ ጉዎላኦ የተባለው ምትሃተኛ ሽማግሌ ሊፈትነው በአህያው ተቀምጦ መጣ፤ ኮርቻው ላይ ባለው ከረጢት ፀሐይና ጨረቃን ጭኖ ነበር። ጓደኛው ደግሞ በእጅ ጋሪ ተራሮችን እየገፋ ተከተለው። ድልድዩ ሲወዛወዝ ሉ ባን ውሃ ውስጥ ዘሎ በእጁ ደገፈው። ለምስክርነት ላዩ ላይ የአህያ ኮቴ፣ ሥሩ ላይ የእጅ አሻራ ያሳያሉ። ላሊበላን ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ጠረቡት ስንባል ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። ልብ ይበሉ ግን፣ ተረቱ የተደገፈውን ቦታ አልሳተም። ሸክሙ መሐል ላይ ሲመጣ የሚጨነቀው የት እንደሆነ ሕዝቡ ያውቀዋል።

ወደ አያትዎ እንቁላል ልምጣ። ይህን ወሬ ከጢስ ዐባይ እስከ ደብረ ሊባኖስ ሰምቼዋለሁ፤ «ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት» ከሚለው ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። ጢስ ዐባይ ፏፏቴ አጠገብ ዓላታ ላይ ያለው ድልድይ በ1620ዎቹ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው፤ ያኔ ኢየሱሳውያኑ፣ ከፖርቱጋሎች ጋር የመጡት የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ በቤተ መንግሥቱ ስለነበሩ ስሙ ቢያንስ መነሻ አለው። ታችኛው ዐባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ግን የሚነገረው በዐፄ ፋሲል ነው። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ያባረረው በ1630ዎቹ ነው። የደብረ ሊባኖሱ ደግሞ ራስ ዳርጌ በምኒልክ ዘመን ያሠሩት ነው፤ ቦታው ላይ የሚያስጎበኙት ልጆች ራሳቸው «የፖርቱጋል ድልድይ» ብለው ጀምረው ሁለት ደቂቃ ሳይቆዩ ራስ ዳርጌን ይጠቅሳሉ።

እንቁላሉስ? ኖራ ውስጥ ከእንስሳና ከእህል የሚገኝ ነገር መቀላቀል በብዙ አገር ነበር። ቻይናዎችም ተጣባቂ ሩዝ ቀቅለው ውሃውን ኖራ ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ ይህ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ኖራውን እንደሚያጠነክር ተረጋግጧል። እንቁላልም ኖራን ሊያሻሽል ይችል ይሆናል። ድልድይ የሚያቆመው ግን ማጣበቂያው አይደለም። በቅስት ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይጫናል፤ የሚለያያቸው ኃይል ከሌለ ሙጫ ምን ያደርጋል? የአንገት ሐብልዎን አውልቀው ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅዎ ይያዙና ይንጠልጠል። ያ የያዘው ቅርጽ ተገልብጦ ድንጋይ ቢሆን ሁሉም እርስ በርሱ እየተጫነ ይቆማል። ኖራ የሚፈለገው ድንጋይና ድንጋይ ሙሉ ለሙሉ እንዲገናኙ፣ ሸክሙ አንድ ጥግ ላይ እንዳያርፍ ነው። ለዚህም ከሲሚንቶ የተሻለ ጠባይ አለው፤ ለስላሳ ስለሆነ ድልድዩ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ አይሰነጠቅም። በአሁኑ የእንቁላል ዋጋማ ሐሳቡን ባናነሣው ይሻላል።

ሰባራ ድልድይን ስጠቅስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የመሐሉ ቅስት በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ፈርሶ፣ ሰው ለዐሥርተ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። አንድ አሜሪካዊ ይህን በፎቶ አይቶ መጣና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ክፍተቱ በብረት ተደፈነ። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ብረቱን ወሰደው። በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ከፍ ብሎ ተሠራ፤ መፍትሔው የተገኘው ከውሃው በላይ በመውጣት ነው።

የእርስዎ ሰፈር መሻገሪያም የተገመሰችው ሲሚንቶው ስላነሰ አይመስለኝም። አላየኋትም፣ እንደሷ ያሉ ግን ብዙ አይቻለሁ። አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ናት፤ ሐምሌ ላይ አንድ ሰዓት የዘነበ ዝናብ ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንድ ጊዜ እንድመረምር የተጠራሁበት መሻገሪያ ከሥሩ ሦስት ቱቦ ነበረው። ሁለቱ በውሃ ፕላስቲክ፣ በፌስታልና በደለል ተደፍነዋል። የክረምቱ ጎርፍ በሙሉ በአንዱ ቱቦ እየተወረወረ ሲወጣ ማዶውን ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ቆፍሯል። አርማታው ራሱ ምንም አልሆነም ነበር፤ ሥሩ ባዶ ሆኖ በራሱ ክብደት ተሰበረ። ያሠራው አካል ግን «ጥራት የጎደለው ሲሚንቶ» የሚል ሪፖርት ነበር የጠበቀው፤ ቱቦውን ማን ያጽዳ የሚል ጥያቄ ሳነሣ ስብሰባው ተበተነ። እስቲ እርስዎም ይሂዱና ውሃው የሚወጣበትን ጎን ይዩ እንጂ የሚገባበትን አይዩ። እዚያ ጉድጓድ ካለ መልሱን አግኝተዋል። ያኔ የሚያስፈልገው ሰፊ አፍ፣ መውጫው ላይ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ወይም በትልልቅ ድንጋይ የተነጠፈ ወለል፣ ከሰኔ በፊት ደግሞ አካፋ የያዘ ሰው ነው።

ደግሞ ለፌሮና አርማታ ፍትሐዊ እንሁን። የዛሬ ድልድይ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለ75 ወይም ለ100 ዓመት ታስቦ ነው፤ ሊ ቹን ግን ተሳቢ የጎተተ የጭነት መኪና አልመጣበትም። ከእሱ ጋር በዚያ ዘመን የተሠሩ፣ ወድቀው ስማቸው የጠፋ ድልድዮች ስንት እንደሆኑም አናይም፤ የምናየው የቀረውን ብቻ ነው። ድንጋይ የሚበልጠው ዝገት ስለሌለው ነው። አርማታ ሲሰነጠቅ ውሃ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል፣ የዛገ ፌሮ ያብጣል፣ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ነገርም ሊያሳስብዎት ይችላል፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ ሲናጥ አዳማ ላይም ተሰምቶናል። በመጋቢት 1966 ቻይና ውስጥ ዢንግታይ ላይ የደረሰው ከባድ መንቀጥቀጥ ከዣኦዦ ሩቅ አልነበረም፣ ድልድዩ ግን አልወደቀም። ብዙ መጋጠሚያ ያለው ነገር ሲናወጥ በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይላወሳል። ይህ ማንኛውም የድንጋይ ግንብ መንቀጥቀጥን ይችላል ማለት አይደለም፤ ጭቃ ቤትም ሆነ ደረቅ የድንጋይ አጥር ይወርዳል።

ስለ መናፈሻው፦ አዎ፣ ይቆማል። ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር፣ መሐሉ ላይ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው የእግረኛ ድልድይ ይበቃችኋል፤ ከዣኦዦ ጠንከር ያለ ጉብታ ስላለው ግፊቱ ትንሽ ነው። ድንጋዩ ችግር የለም፤ ኮብልስቶን የሚጠረብበት ጥቁር ድንጋይ በቂ ነው። ፑሚስ የምንለውን ያን ነጭ ቀላል ድንጋይ ግን ለቅስቱ እንዳትነኩት፣ ከላይ ለሙሌት ይሁን። ድንጋዩ ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ብሎ ይጠረብ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፣ መሐል ላይ አንድ ቁልፍ ድንጋይ እንዲገባ። ግንበኛው ከሁለቱም ዳር እኩል እኩል ይውጣ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ካለ ያስቁሙት፤ ቅስት የሚጠላው ዘንበል ያለ ሸክም ነው። ሙሌቱም እንደዚያው፣ አንድ ጋሪ በግራ፣ አንድ ጋሪ በቀኝ።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ካሳፎርማው የሚነሣበት ቀን ነው። ባሕር ዛፎቹን በመዶሻ መትቶ ማውለቅ አይሆንም። ከመጀመሪያው እያንዳንዱ ቋሚ ሥር ሁለት ሽብልቅ ይግባ። ኖራው ከጠና በኋላ ሽብልቆቹን ከመሐል ጀምራችሁ በየተራ በጥቂት ሚሊሜትር ታላላላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ድንጋዮቹ ደረቅ ድምፅ ያሰማሉ፣ መሐሉም በዐይን በማይታይ ልክ ዝቅ ይላል። ያኔ ከሥሩ ያለው ሰው ሁሉ መሮጥ ያምረዋል። አይሩጥ፤ ድንጋዮቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ነው። ትንሽ ጠብቃችሁ ወደሚቀጥለው ሽብልቅ እለፉ።